«ወጋኝ» የሚለው ሰውዬ

ነርሷ ሰውየውን አላመነችውም። አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ ከወገቡ በታች በድን ሆኗል። ገና እየተሞከረ ያለ መድኃኒት ይወጋል ይባላል እንጂ፣ መርፌው ውስጥ ያለው መድኃኒቱ ይሁን ባዶ ውሃ ለእሷም አልተነገራትም። እሱ ግን ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ የማይረግጥበትን ጫማ አስወልውሎ ይጠብቃታል። ዓይኑን በፎጣ አስራ፣ ጫማውን አውልቃ፣ እግሩን በስለት ጫፍ ጠቅ እያደረገች «አሁንስ?» ስትለው፣ «ወጋኝ» ይላል። ሚስቱ በሩ ላይ ስትቆም ደግሞ ድምፁ ይጎላል።

«ይሄ ሰውዬ እያሞኘን ነው» አለች ነርሷ በሆዷ። ዛሬም ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። ነርሷ ፎጣውን ድርብ አድርጋ አሰረችው። እንደ ወትሮው ጠቅ ጠቅ አደረገችው፤ በእያንዳንዱ «ወጋኝ» አለ። መጨረሻ ላይ ስለቱን አውራ ጣቱ ድረስ አስጠግታ፣ ሳትነካው መለሰችው።

«አሁንስ?»

«ወጋኝ።»

ሚስቱ አፏን በመዳፏ ይዛ ከበሩ ሄደች። ነርሷ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው ፈገግ አለች።

ሰውየው የሚስቱ ኮቴ እስኪርቅ ጠበቀ።

«ሲስተር» አላት ዝግ ብሎ፣ «የመጨረሻዋን አልነካሽኝም። የፊተኞቹን ግን ነክተሽኛል። እሷ ቆማ እያየች አልተሰማኝም ልበል?»

ነርሷ ጎንበስ ብላ ፎጣውን አየችው። ድርብ አድርጋ እንዳሰረችው ነው።