ደረቅ መሬት የያዘው ጎማ

የተቃጠለ የመኪና ፍሪሲዮን በሸተተኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ አንድ ጋራዥ አጠገብ ሳልፍ ሸተተኝና፣ መንገድ ላይ ቆሜ የድሮውን ንዴት እንደ አዲስ ተናደድኩ።

ነገሩ የሆነው መስቃን ውስጥ፣ ከቤታችን በታች ባለው የወንዝ መሻገሪያ ላይ ነው። የመስቀል ሰሞን ነበር። አዲስ አበባ የሚነግደው ታላቅ ወንድማችን በደብል ጋቢና ፒካፕ መጥቷል። ሲመለስ እህቴን ሊወስዳትና ያቋረጠችውን ትምህርት ሊያስቀጥላት ቃል ገብቶላት ነበር። እሷ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናታችን ካረፈች ጀምሮ እንሰቱን የምትፍቀው፣ ላሟን የምታልበው፣ ሁላችንን የምታበላው እሷ ነበረች። እኔ አሥራ አምስት ሞልቶኝ ከመስታወት ፊት አልጠፋም።

በመሄጃዋ ቀን ጠዋት አባታችን ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «እሷ ከሄደች ይሄን ቤት ማን ይይዘዋል? ትንሿን ውሰዳት። እዚህስ ምን ትሠራለች?» አለ።

ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ፣ «እሺ አባባ፣ እንዳልክ» አለ። በቃ። እኔም መናገር ስችል አፌን ዘጋሁ፤ መሄድ ፈልጌ ነበር።

እህቴ ልትሸኘን እስከ መሻገሪያው አብራን መጣች። ዋልካው በሌሊቱ ዝናብ ላቁጦ ነበር፤ ፒካፑ በግራ ጎኑ ሰመጠ። ወንድሜ ነዳጅ ሲረግጥ የግራ ጎማዎቹ ጭቃ እየረጩ ይሽከረከራሉ፤ የቀኞቹ ደረቁ ላይ ቆመው ንቅንቅ አይሉም። ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀመረ።

እህቴ ወርዳ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ይሄኛው ደረቅ መሬት ይዞ የለም እንዴ? ለምን አይገፋም?» አለችው።

«ዲፍረንሻሉ ነው» አላት። «ለግራና ለቀኝ ጎማ ጉልበት የሚያካፍል፣ ፊትም ኋላም አንዳንድ አለ። አራቱም ጎማ ይጎትታል ይባላል እንጂ፣ ዲፍረንሻሉ የሚያዞረው የቀለለውን ነው። መሬት የጨበጠው ዝም ብሎ ይቆማል። ዲፍረንሻሉ መቆለፊያ ያለው መኪና ነበር የሚያስፈልገን።»

«ታዲያ ይሄ ፍርድ ነው?» አለች፣ ጎማውን እያየች።

ስለ ጎማው ብቻ እንዳልሆነ ገብቶናል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄው ነው። ቤቱን ይዛ የቆመችውን ልጅ «እሷማ ጎበዝ ናት፣ ትችላለች» ይሉና እዚያው ያስቀሯታል፤ ያውም ምስጋና እየመሰላቸው። እኔ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፤ እሷ ዛሬም እዚያው ናት።

ቀሚሷን ሸብ አድርጋ የግራ ጎማዎቹን ሥር በእጇ ቆፈረች። ድንጋይ ደለደለች፣ የእንሰት ቅጠል ረበረበች። ጭቃ ውስጥ ያለው ጎማ የሚጨብጠው ነገር ሲያገኝ፣ ደረቅ ላይ ለቆመውም ጉልበት እንደሚደርሰው ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ናት የደረሰችበት። ላግዛት ልወርድ ስል ወንድሜ፣ «ተይ፣ ጫማሽ ይበላሻል» አለኝ። አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። አልወረድኩም።

ከኋላ ሆና ገፋች። መኪናው ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወጣ።

«አቁምልኝ፣ ልሰናበታት» አልኩት።

«ከቆምኩ ተመልሶ ይሰምጣል» አለና ነዳጁን ረገጠ።

በኋላው መስታወት አየኋት። እስከ ወገቧ ጭቃ ሆናለች። እጇን የምታነሳልኝ መስሎኝ የእኔን አነሳሁ። እሷ ግን ፊቷን በክንዷ ጠረገችና ወደ ቤት ዞረች። ያን ቀን የሚፋቅ እንሰት ነበረባት።