በዶሮ ሌብነት የከሰስኩት ዘበኛ

ባለፈው ሳምንት ከቡራዩ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ጎረምሶች መንገድ ላይ ስለተደበደበ ሰው ያወራሉ። ሌባ ነው ተብሎ ነው የተደበደበው፤ በኋላ ሲጣራ አልነበረም። አንደኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ንጹሕ ቢሆን ምን አስሮጠው?» ዞር ብዬ፣ «አንተ ዱላ የያዘ መንጋ ቢመጣብህ ቆመህ እጅ ትነሣለህ?» አልኩት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እርጅና ትዕግሥት ይሰጣል የሚሉ ሰዎች ዋሽተዋል፤ ለእኔ የጨመረልኝ ቁጣ ነው። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር፣ ልጁም ደንግጦ «ምን አጠፋሁ እማማ?» ስላለኝ፣ የሱሉልታውን ነገር ነገርኩት።

ያደግኩት ሱሉልታ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ በመንገዱ ዳር ሱቅ የከፈተ ሙስሊም ነጋዴ ነበር፤ ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙናና አቡጀዲ እንሸጥ ነበር። የታኅሣሥ ግርግር የሆነ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚያ ወር የሱሉልታ ሜዳ አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ፀሐይ ሲወጣበት የድርቆሹ ሽታ አገሩን ይሞላዋል። ሌላው ሰው ያንን ሽታ ይወደዋል፤ እኔ አልወደውም። ክቡር ዘበኛና ጦር ሠራዊት አዲስ አበባ ላይ ሲታኮሱ የመድፉ ድምፅ እንጦጦን ተሻግሮ የሱቃችንን ጠርሙሶች ያንቀጠቅጥ ነበር። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ወርዶ እዚያው ቀርቷል። እናቴ በር በሩን እያየች እህል አልቀምስ አለች።

ክቡር ዘበኛ ተሸነፈ ሲባል፣ የተበተኑት ወታደሮች በእንጦጦ በኩል ወደ እኛ መውረድ ጀመሩ። መለዮአቸውን ጥለው፣ የገበሬ ጋቢ ለምነው ለብሰው ነው የሚመጡት። አቶ ዳምጤ የሚባል የሰፈራችን ነጭ ለባሽ ነበር፤ ነጭ ለባሽ ማለት የመንግሥት ጠመንጃ የተሰጠው የገጠር ጠባቂ ነው። ዳምጤ ተኩሱ እስኪያበቃ ድረስ ቤቱን ዘግቶ ተኝቶ ከርሞ፣ ማን እንዳሸነፈ ሲያውቅ ጀግንነቱ ተነሣበት። «ከሃዲ የያዘ ይሾማል» ብሎ የሰፈሩን ጎረምሳ ዱላ አስይዞ መንገድ ዘጋ። በዚያው ጠዋት ድልድዩ አጠገብ እጁን ወደ ላይ ያነሣ ሰው ቀጥቅጠው ገደሉ። ወታደር ይሁን ቆዳ ነጋዴ የጠየቀ አልነበረም። ወታደርስ ቢሆን፣ እጁን ያነሣ ሰው ይገደላል እንዴ? ሬሳውን ድርቆሽ አልብሰውት ወደ መንገዳቸው ተመለሱ።

ረፋዱ ላይ ሌላ ሰው እየጎተቱ በሱቃችን ፊት መጡ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቁልፉ የረገፈ አሮጌ የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰው ነው።

«ምንድን ነህ? ተናገር!» አለው ዳምጤ።

«ዘበኛ» አለ ሰውየው። አማርኛው አጭር ነበር። «እኔ ዘበኛ ነው። እንጨት ዘበኛ።»

«ሰማችሁ? ዘበኛ ነኝ አለ፣ በገዛ አፉ!»

እንጨት ያለውን የሰማ የለም። እግሩን አየሁት፤ ከጎማ የተሠራ በረባሶ ነው የተጫማው። ክቡር ዘበኛ በረባሶ አይጫማም። ካፖርቱም የከተማ ዘበኞች ሁሉ ከመርካቶ አሮጌ ተራ እየገዙ የሚለብሱት ዓይነት ነው። ሰውየው በኦሮምኛ መለመን ጀመረ፤ የጉለሌ እንጨት መጋዘን ጠባቂ ነኝ፣ ጫንጮ ወደ ልጆቼ ልሂድ ይላል። ከያዙት ጎረምሶች ግማሾቹ በዚሁ ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ ነበሩ። መስማት ያልፈለገ ጆሮ ግን ቋንቋ የለውም።

አባቴ ትዝ አለኝ። እሱም ይሄኔ ከተማ ውስጥ ለማያውቁት ሰዎች ማን እንደሆነ እየተናገረ ይሆናል። ከባንኮኒው ወጥቼ «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ።

ያኔ ይህ ቃል የተነሣ ዱላ ያስቆም ነበር። አስቆመም። ከዚያ በኋላ ምን እንደምል ግን አላሰብኩበትም ነበር። የመጣልኝን ተናገርኩ። «ይህ ሰው ዶሮዬን የሰረቀኝ ሌባ ነው! ዳኛ ፊት ነው የማቆመው! እኔ ከስሼዋለሁ፣ ማንም አይነካብኝም!»

ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» የሚል ሰው ሁሉ ቁራኛ ምን እንደነበረ አያውቅም። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ዳኛ እስኪያዩ አብረው ይሄዳሉ። ያኔም ልማዱ አርጅቶ ነበር፤ ሽማግሌዎች ግን ያከብሩታል። የተቆራኘን ሰው የመታ ዳኛውን ራሱን እንደደፈረ ይቆጠራል። ነጠላዬን አውርጄ ከካፖርቱ ጫፍ ጋር ቋጠርኩት።

ዳምጤ ግን ሞኝ አልነበረም። «በጾም?» አለ። «አሁን እኮ ጾመ ነቢያት ነው። በጾም ዶሮ የሚሰርቅ ክርስቲያን የት አየሽ?»

በእኛ ቤት የገና ጾም አይጾምምና ጭራሽ አላሰብኩትም። «ሌባ ከመቼ ወዲህ ነው የሚጾመው? ለገና ሊቀልባት ይሆናል!» አልኩ። አንዱ ጎረምሳ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የሚስቅ ሰው ለጊዜውም ቢሆን አይገድልም።

የድርቆሹ ሜዳ ባለቤት ኦቦ ጉደታ በፈረስ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። የዳምጤ ከብቶች በእሳቸው መሬት ላይ ነው የሚሰማሩት። «ዳምጤ፣ ከሃዲ ነው ካልህ አንተም ክሰሰው» አሉ። «ና፣ በዚያኛው ጫፍ ተቆራኝና ዳኛው ጋ ሂድ።» የአጥቢያው ዳኛ ተኩስ ሲሰማ ጫንጮ እህቱ ቤት ሸሽቶ ነበር። ዳምጤ የሰውየውን የተቀደደ ካፖርት አየ፣ መንገዱን አየ፣ መሬት ላይ ተፋ። «አንቺ ልጅ፣ ይህን አልረሳልሽም» አለኝ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ከወንድ ጋር ታስረሽ፣ በአደባባይ!» አለች። ቀጥላም እየተራገመች ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ።

ኦቦ ጉደታ በፈረስ ከፊት፣ እኛ በእግር ከኋላ ሆነን ወደ ጫንጮ ሄድን። የዳምጤ ጎረምሶች ለብዙ መንገድ እየተከተሉ «ሌባ! ሌባ!» ይሉ ነበር። ሰውየው፣ ቱሉ ይባላል፣ ቆሎውን ስሰጠው በእጁ ጀርባ መታው። «አኒ ሃቱ ሚቲ» አለኝ፤ እኔ ሌባ አይደለሁም ማለቱ ነው። ከዱላው ላድነው እንደሆነ ያወቀ አይመስልም፤ ቢያውቅም ግድ አልነበረውም። እንደዚያ በጥላቻ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

ተከታዮቹ ሰልችቷቸው ሲመለሱ ኦቦ ጉደታ ፈረሳቸውን አቆሙ። «ፍቺው» አሉኝ። «እናንተ ቤት ዶሮ እንደሌለ እኔ አላውቅም ብለሽ ነው?»

ፈታሁትና ሁሉንም በኦሮምኛ አስረዳሁት። ይንበረከካል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጠብቄአለሁ። እሱ ግን ካፖርቱን አራገፈና፣ «ጫንጮ ነገ ይሰማል» አለ። «ልጆቼ የሌባ ልጆች ተብለው ሊያድጉ ነው። ከዚህስ ዱላው ይሻለኝ ነበር። ሌባ ያልሽኝ በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ስሜን መልሺ።»

በጣም ተናደድኩ። ቢሆንም በሚቀጥለው ገበያ ከጎረቤት ዶሮ ተውሼ፣ ክንፏን ይዤ በሰው መሐል «ዶሮዬ ተገኘች! ቱሉን በከንቱ ነው የከሰስኩት!» እያልኩ ዞርኩ። ዳምጤ እንደ እብድ አየኝ። ቱሉ ከልጆቹ ጋር ከዳር ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ ልጆቹን ይዞ ሄደ።

አባቴ በሳምንቱ በእግሩ መጣ። መርካቶ አንዲት ሴትዮ ጓዳዋ ደብቃው ነበር። አመሰገንካት ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «በችኮላ ስሟንም አልጠየቅኋት» አለኝ።

ታክሲው ሲንቀሳቀስ ጎረምሳው «ቱሉስ? በኋላ አላመሰገነዎትም?» ብሎ ጠየቀኝ። አላመሰገነኝም። ገበያ ላይ ሲያየኝ ወዲያ ማዶ ይሻገር ነበር፤ ጸጉሩ እስኪሸብት ድረስ እንደተሻገረ ኖረ። ያኔ ያበግነኝ ነበር፣ አሁንም ያበግነኛል። ግን ድልድዩ አጠገብ የተገደለው ሰው እኔንም ዳምጤንም አይጠላም። ቱሉ እኔን ለመጥላት ብዙ ዓመት አግኝቷል።