እጄ እምቢ ያለኝ ጠዋት

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፣ ልጆች። ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው መስክ ጭቃው ገና አልደረቀም። አብሮኝ የነበረው ደምሴ ነው፤ አቃቂ በሰቃ ብየዳ ቤት የነበረው፣ የድሮ የአደን ጓደኛዬ።

ከሁለት ቀን በፊት ጅብ፣ በማለዳ አውቶቡስ ልትይዝ የወጣችን እናት ገድሏል። ለቅሶ ስንደርስ ትንሿ ልጇ ድንኳኑ ውስጥ የሰው ሁሉ ቀሚስ እየያዘች «እማዬ ናት?» ትላለች። እዚያው ተቀምጠን ወሰንን፤ አውሬው ይገደል። ወረዳውም ፈቀደልን። አንድም ጥርጣሬ አልነበረኝም።

ጎህ ሲቀድ፣ እናትየዋ ከሞተችበት ቦታ ተመልሶ መጥቶ ስለነበር አዲስ ዱካውን ያዝን። ሌሊቱን አካፍቶ ስለነበር ኮቴው ጥርት ብሎ ይታያል፤ የፊቱ ሰፋ፣ የኋላው ጠበብ ያለ። ወደ ወንዙ ወርዶ ገደሉ ሥር ካለው ጥሻ ገባ። ነፋሱ ከፊታችን ስለሚመጣ ጠረናችን አልደረሰውም። ቁጥቋጦውን ገለጥ ሳደርግ ዐሥር እርምጃ ላይ ቆሟል።

ሴት ናት። ጡቷ ወተት ሞልቶ ተንጠልጥሏል። ከኋላዋ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ የግልገሎቿ ድምፅ ይሰማል።

አነጣጠርኩ። የሟቿን ልጅ አሰብኩ፤ መግደል እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጣቴ ግን ምላጩን አልስብም አለ።

«ተኩስ እንጂ!» አለ ደምሴ በሹክሹክታ። እሱም ጠመንጃውን ደግኗል፤ እሱም አልተኮሰም።

ያኔ አየችን። ዘላ የደምሴን ቀኝ ክንድ ነከሰች። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ምንም አላሰብኩም፤ መተኮሴን ያወቅኩት ጠመንጃው ሲጮህ ነው። ወደቀች።

ክንዱን በፎጣዬ ስጠመጥም ሁለት ግልገሎች ወጡ። አሸተቷት፣ ከዚያ ተጠግተው ይጠቡ ጀመር። ደምሴ ደሙ እየፈሰሰ ፊቱን አዞረ። «አትንካቸው» አለኝ። ምን እንደሆኑ አላውቅም፤ ተመልሼም አላየሁ።

የደምሴ ጣቶች ከዚያ በኋላ አልታጠፉም። ብየዳ ቤቱን ዘጋ። ይቅር በለኝ ብዬው ነበር።

«በምን?» አለኝ። «የኔም ጣት እኮ ምላጩ ላይ ነበር። ጡቷን ሳይ ደነዘዘብኝ።»

ፍርድ ከጭንቅላት ብቻ የሚመጣ ይመስላችኋል። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ሳለሁ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አሁን ለሽምግልና ስጠራ ሰዎቹን ቤታቸው ሄጄ፣ ፊታቸውን ሳላይ አንዲት ቃል አልናገርም። ግን አልዋሻችሁም፤ ያን ጠዋት ጣቴ እምቢ ማለቱ ልክ ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቅም። ደምሴ በግራ እጁ ሲጨብጠኝ ቀና ብዬ ላየው አልችልም።