የአባዬ በረባሶ

ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ እጄን ወደ ጉያዬ እሰበስባለሁ።

ያደግሁት ከምን አለሽ ተራ ጀርባ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ በሆነ ቤት ነው። የመብራቱ ገመድ ከአከራያችን ቆጣሪ ተነስቶ፣ በጣሪያችን ላይ ተጎትቶ ይገባ ነበር። በጋውን አባዬ ደጃፍ ላይ ከአሮጌ ጣሳ ምድጃ እየቀጠቀጠ፣ እማዬ ከግድግዳው ሥር ልብስ እያጠበች ያለ ስጋት እንኖር ነበር።

ክረምት ሲገባ ግን ግድግዳው መንዘር ይጀምራል። እማዬ በባዶ እግሯ ውሃ ላይ ቆማ ስታጥብ ክንዷ ቆርቆሮውን ከነካው «ነዘረኝ!» ብላ ትዘል ነበር። አባዬም ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶውን እንደተጫማ መጥቶ፣ ግድግዳውን በእጁ ጀርባ ነካ ነካ አድርጎ «ምንም የለውም። አንቺ ደግሞ ጉንዳን ሲቆነጥጥሽም መብራት ነው ትያለሽ!» እያለ ይስቅባት ነበር። እኔ መሳቅ አቅቶኝ ጫማዋን አምጥቼ አጠገቧ አስቀምጥ ነበር፤ እሷ ግን ሌላ መውጫ ጫማ ስላልነበራት፣ እንዳይርስባት መልሳ ታስገባዋለች።

አንድ የነሐሴ ጠዋት፣ ሲዘንብ አድሮ፣ እማዬ ልብስ ልታሰጣ ግድግዳውን ስትደገፍ ተስፈንጥራ ሳፋው ላይ ወደቀች። ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ እኔ፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ዘንድ ሮጬ «ግድግዳው እማዬን ሊገድልብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

የመብራት መለኪያቸውን ይዘው መጡ። አንዱን ጫፍ ቆርቆሮው ላይ፣ ሌላውን እርጥቡ መሬት ውስጥ በተተከለ ሚስማር ላይ ሲያደርጉት ዘጠና ቮልት ገደማ አነበበ።

«እኔ ስነካው እኮ ምንም የለውም» አለ አባዬ፣ እጁን እየዘረጋ።

«ተው አንተ! ያዳነህ ጎማህ ነው። እስቲ አውልቀውና እሷ የቆመችበት ውሃ ላይ ቆመህ ንካው!»

አባዬ ቁልቁል በረባሶውን አየና እጁን ሰበሰበ። መብራቱ ከቆጣሪው ተጠፍቶ ጋሽ ከድር ጣሪያው ላይ ሲወጡ፣ ገመዱን የቆርቆሮው ጠርዝ በልቶት አገኙት።

«ጨርሶ ቢላጥ ኖሮ ሁለት መቶ ሃያውን በሙሉ ነበር የሚለቅባት» አሉ።

እማዬ የተላጠ ክርኗን ይዛ፣ «ጉንዳኑ ተያዘ?» ብላ አባዬን ጠየቀችው። ያን ቀን አልሳቀም።

ዛሬ የምንኖረው አብነት አካባቢ፣ ብሎኬት ቤት ውስጥ ነው፤ ችግር ሲኖር መብራቱን ራሱ የሚያጠፋ ብሬከርም አለን። እማዬ አሁንም በባዶ እግሯ ታጥባለች። አባዬም አርጅቶ እንኳ አመሉን አልተወም፤ ነዘረኝ የተባለውን ዕቃ ሁሉ ነካ ነካ አድርጎ «ምንም የለውም» ሲል፣ እኔ ቀድሜ እግሩን ነው የማየው።