ለባሕሩ የፈሰሰ ውኃ

ጉልበቴን በቀዶ ሕክምና ታክሜ ከሰኔ ጀምሮ ከቤት ሳልወጣ ቆየሁ። ነሐሴ ላይ በከዘራ መራመድ ስጀምር መጀመሪያ ያሰብኩት ወደ እናቴ መቃብር መሄድን ነበር። የእኛ አገር ነሐሴ ጭቃና ጉም ነው። የፍራንክፈርት ነሐሴ ግን ዘንድሮ ዝናብ የሚባል ነገር ረስቶ፣ በቦርንሃይም ጎዳናዎች ያሉት ዛፎች ሳይቀሩ ያለጊዜያቸው ቅጠላቸውን ያረግፉ ነበር። ልጄ ሊያ ከቢሮዋ ፈቃድ ወስዳ ክንዴን ደግፋኝ መጣች። ትራሙ ውስጥ ተቀምጬ በልቤ የማየው አበባው ደርቆ፣ አፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ እማዬ እንደተረሳ ሰው ተጥላ ነበር።

መቃብሯ ድንጋይ ላይ አንዲት ቢጫ ወረቀት ተለጥፋ አገኘን። ሊያ ጎንበስ ብላ አነበበቻት።

«ምንድነው የሚለው?» አልኳት።

«ወደ መቃብሩ ቢሮ ደውሉ ነው የሚለው። ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ ማማ። ፈርሌንገርን ካላደረግን፣ ካላደስነው፣ ቦታውን ይወስዱታል።»

እዚህ አገር መቃብርም የጊዜ ገደብ አለው። ስንቀብራት ነግረውን ነበር፤ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ ይረሳል። እማዬ ራሷ በሕይወት ሳለች ይህን ሕግ የሰማች ቀን ከት ብላ ሥቃ፣ «ለሞተ ሰውም አውስቫይስ ይታደሳል በይኛ!» ብላኝ ነበር፤ መታወቂያ ማለቷ ነው። ያን ቀን አብሬያት ሥቄአለሁ። ዘንድሮ ግን ቢጫዋን ወረቀት እያየሁ ሣቅ አልመጣልኝም። ሊያ ስልኳን አውጥታ ከቢሮው ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ልትይዝ፣ መንገዷንም ውኃ ልትቀዳ ወደ ቧንቧው ሄደች። አረንጓዴ የፕላስቲክ ማጠጫዎች እዚያ ተሰቅለዋል፤ ማንም አንሥቶ ይቀዳል፣ መልሶ ይሰቅላል። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ውኃው ባዶው ማጠጫ ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል። ያ ድምፅ ዛሬም በልጅነቴ ከኖርንባት ደሴት ጋር አንድ ላይ ነው የሚመጣብኝ።

ወደ ደሴቲቱ የሄድን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የባሕር ኃይል መካኒክ ነው፤ የመርከብ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ስለሚውል ገላው ታጥቦም ናፍጣ ናፍጣ ይላል። የምንኖረው አስመራ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ መጣና ጫማውን ሳያወልቅ «ተዛውረናል» አለ።

«የት?» አለች እማዬ።

«ጦር ሰፈር ነው። ደሴት ላይ።»

እማዬ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ባሕር የምታውቀው ከነሙሴ ታሪክ ጋር ነው፤ ደሴት ደግሞ ለእሷ ገዳም ማለት ነው። «ሰው ደሴት የሚገባው ሊመንን ነው። አንተ ምን በደልክና ነው?» አለችው። አባዬ ሣቀ፤ እሷ ግን አልሣቀችም። ከእኔ በኋላ ብዙ ዓመት ጠብቃ ያገኘችውን ፅንስ ተሸክማ ነበር።

ከአስመራ በኮንቮይ ወረድን። መንገዱ ይዞራል፣ ይዞራል፤ ግራና ቀኙ በለስ ነው፤ ጉሙ መኪናው መስኮት ድረስ ገብቶ ፊታችንን ያረጥባል። ጊንዳዕ ላይ ብርቱካን ገዛን። ከዚያ በኋላ በየመጠምዘዣው ሙቀቱ እየጨመረ፣ እማዬ መጀመሪያ ጋቢዋን፣ ቀጥላም ነጠላዋን አወለቀች። ምጽዋ ስንደርስ አየሩ ራሱ የፈላ ይመስል ነበር። የተሳፈርንባት ጀልባ ሽንኩርት፣ ሲሚንቶና አንድ ትልቅ የውኃ ታንከር ጭናለች። አባዬ እማዬን ከማስመለሱ ሊያዘናጋት የደሴቲቱን ታሪክ ይነግራት ጀመር። የጥንት ሰዎች ድንጋዩን ፈልፍለው የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ እንደሠሩባት፣ ዕንቁ የሚለቅሙ ጠላቂዎች እንደኖሩባት፣ ጣልያን እስረኛ እንዳጎረባት፣ አሁን ደግሞ እኛና ሶቪየቶቹ መርከብ እንደምንጠግንባት እየቆጠረ ነገራት።

«እስረኞቹስ ምን ሆኑ?» አለች እማዬ።

አባዬ ብርቱካን ልጦ በእጇ አስያዛት።

እንግዲህ ደሴቲቱ ሰው የሚላክባት እንጂ ሰው ወድዶ የሚሄድባት አልነበረችም። የተሰጠን ቤት ግንቡ የጣልያን፣ ጣሪያው የእኛ ቆርቆሮ ነው። በር ላይ አንድ በርሜል አለ። ውኃው በሳምንት አንዴ በጀልባ መጥቶ ለየቤቱ ይታደላል፤ ዝገት ዝገት፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ቀን ላይ ከበርሜሉ ስንቀዳው ይሞቃል። እማዬ ሩዝ ያጠበችበትን ውኃ ዕቃ ታጥብበታለች፤ ዕቃ ያጠበችበትን ደግሞ ወለሉ ላይ ትረጨዋለች። ሁሉን ነገር ትራገም ነበር፤ ነፋሱን፣ ጨዉን፣ ሌሊት ጣሪያው ላይ የሚያንኳኳውን አሸዋ ሳይቀር። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ወድጄው ነበር። ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ቀጥ ብሎ ሲተኛ፣ የባሕር ወፎቹ በአንድ እግራቸው ቆመው ሲያንቀላፉ፣ የምኖረው ከሰው ሁሉ ቀድሞ በተፈጠረ ቦታ ይመስለኝ ነበር።

ከሰፈሩ ወዲያ፣ አሸዋማው ጫፍ ላይ፣ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር አለ። የደሴቲቱ ሰዎች እነሱ ናቸው። ፋጡማ ከዚያ ናት፤ ባሏ ለወታደሮቹ ማእድ ቤት ዓሣ ያቀርባል። ዓሣ ልትሸጥ መጥታ፣ እማዬ አጥንቱንም ቅርፊቱንም ሳታወጣ በርበሬ ነስንሳ ስትቀቅለው አይታ ሣቋ ሊገድላት ደረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ትመጣለች። የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ ፋጡማ ዐረብኛዋን ከወታደር ከለቀመችው አማርኛ ጋር ትቀላቅላለች፤ እማዬ ደግሞ በአማርኛ ጮክ ብላ ከተናገረች የሚሰማላት ይመስላታል። «ያ ኡኽቲ» ትላታለች ፋጡማ፤ እኅቴ ማለቷ ነው። እማዬን በዚያች ደሴት ሲያሥቃት ያየሁት ሰው ፋጡማ ብቻ ናት።

ወንድሜ የተወለደው ሙቀቱ በጣም በከፋበት በሐምሌ ነው። ያዋለደችውም ፋጡማ ናት፤ የጤና ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር። አባዬ ስሙን ባሕሩ አለው። እማዬ ስሙን ለመጥራት አልቸኮለችም፤ የምትጠብቀው የክርስትና ስሙን ነው። ሰፈሩ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ቄስም የለም። አርባ ቀኑ ሲሞላ በጀልባ ምጽዋ ወስዳ ልታስጠምቀው ቆርጣለች። ነጠላዋን ቀድዳ ትንሽ ነጭ ቀሚስ በእጇ ሰፋችለት፤ በየቀኑ አውጥታ ዘርግታ ታየዋለች፣ አጥፋ ታስቀምጠዋለች። ያቺን ቀሚስ ስትሰፋ ደሴቲቱን መርገም ትታ ነበር።

ቀኑ ሲቃረብ ነፋስ ተነሣ። አሸዋ የተሸከመ የሚያቃጥል ነፋስ ነው፤ ዐይን አያስገልጥም። ጀልባዎች ሁሉ ታሰሩ። የውኃውም ጀልባ አልመጣም። ነፋሱ አላርፍ አለ፤ በዚያ መሀል ባሕሩ ተቅማጥ ያዘው። የጤና ረዳቱ ያለውን መድኃኒት ሰጠ፣ ውኃ በስኳርና በጨው በጥብጣችሁ አጠጡት አለ። የፋጡማን መንደር የጉድጓድ ውኃ ግን ለሕፃን ከለከለ፤ ዝናብ ከጣለ ብዙ ወር ስለሆነው አረንጓዴ ሆኖ ነበር። አባዬ የራሱን ድርሻ ሳይጠጣ እየያዘ ይመጣል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እኔ በካርቶን ቁራጭ አራግብለታለሁ። የሚገባው ሁሉ ይወጣል። ዐይኑ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ሲያለቅስ እንባ አልነበረውም። ንጋት ላይ ነፋሱ ሲያርፍ እሱም አረፈ።

እማዬ አልጮኸችም። ነጩን ቀሚስ አለበሰችውና «የክርስትና ስም እንኳ የለው፤ ቄስ ባገኝስ በማን ስም ይጸልይለታል?» አለች። ሰፈሩ ድንጋይ ስለሆነ አይቆፈርም። አባዬና ሁለት የሥራ ጓደኞቹ በዓሣ አጥማጆቹ መካነ መቃብር ጠርዝ፣ አሸዋው ላይ ቆፈሩለት። የመንደሩ ሴቶች በጨርቃቸው ነጭ ዛጎል ይዘው መጡና ትንሿን ጉብታ አለበሷት። ከዚያ ፋጡማ ጀሪካኗን ከፍታ ከራስጌ እስከ ግርጌ ውኃ ማፍሰስ ጀመረች። የእነሱ ደንብ ነው፤ እኛ አናውቀውም።

እማዬ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። «ውኃ! ልጄ ሲጠማ ይሄ ውኃ የት ነበረ? አሸዋ ታጠጪያለሽ?» ብላ ጀሪካኑን ያዘች።

ፋጡማ አልለቀቀችላትም። «የእኔ ልጆች ውኃ ነው» አለች በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ። «ዛሬ ልጆች አይጠጣም። ልጅሽ ይጠጣል።»

እማዬ ጀሪካኑን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ አልቀማቻትም፤ እጇን ከፋጡማ እጅ ጋር አድርጋ የቀረውን አብራ አፈሰሰች። 

ከዚያ ወዲህ ውኃ ጀልባ በመጣ ቁጥር እማዬ ከራሷ ድርሻ አንድ ጣሳ ይዛ ወደ አሸዋው ትሄዳለች። አባዬ አንድም ቀን አትሂጂ አላላትም። ጦርነቱ ወደ ምጽዋ ወደብ ሲጠጋና ቤተሰብ ከደሴቲቱ ይውጣ ሲባል፣ ጎረቤቶቻችን በደስታ ዕቃቸውን ሸከፉ። ያችን ደሴት ከሁሉም አብልጣ የረገመች እማዬ ግን አልወጣም አለች። ጀልባዋ ጥሩምባ እየነፋች እሷ መቃብሩ አጠገብ አሸዋ ላይ ተቀምጣለች። አዛዡ ሰው ላከ፤ አልተነሣችም። በመጨረሻ አባዬ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ ከኋላቸው ቆሜአለሁ።

«የሺ፣ እኔ እኮ አልሄድም» አላት። «እዚሁ ነኝ። ብቻውን አይደለም።»

«ውኃውስ?»

«አጠጣዋለሁ።»

ተነሣች። ፋጡማ ጀልባዋ ድረስ ሸኘችን፤ ጀልባዋ ስትርቅም ባዶ ጣሳ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ታሳየን ነበር። እሷም እንደምታጠጣው ልትነግረን ነው። አባዬን ዳግመኛ አላየነውም። ውጊያው ሲያበቃ የጠየቅነው ሰው ሁሉ አላውቅም አለን። እማዬ ለእሱ ድንኳን ጥላ አላለቀሰችም። «አንድ ላይ ናቸው» ትል ነበር፤ ሌላ ነገር አትልም።

እኔ ዓመታት አልፈው ፍራንክፈርት መጣሁ። ኒደርራድ በሚባለው ሰፈር ቢሮዎች ሳጸዳ ቆይቼ ወረቀቴ ሲስተካከል እማዬን አመጣኋት። ሰው ከአገር ቤት ሲመጣ ረጃጅሙን ፎቅ ያያል፤ እሷ ያየችው ቧንቧውን ነው። ከፍታ ትዘጋዋለች፣ ከፍታ ትዘጋዋለች። ቤታችን ለዚሁ መካነ መቃብር ቅርብ ስለነበር አንድ ቀን አቋርጠነው ስናልፍ አረንጓዴ ማጠጫዎቹን አየች። የመቃብር አበባ ማጠጫ መሆናቸውን ነገርኳት። በማግሥቱ ብቻዋን ሄደች፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትሄድ ጀመር። ሕፃናት የተቀበሩበት ጥግ አለ፤ አሻንጉሊትና የምትሽከረከር ባለቀለም ወረቀት የተተከለበት። እዚያ የማታውቃቸውን የሰው ልጆች ስታጠጣ ትውላለች። አንዴ አብሬያት ሳለሁ አንዲት ጀርመናዊት «ልጅዎ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ ከምታውቃቸው ጥቂት የጀርመንኛ ቃላት አንዱን መርጣ «ያ» አለቻት፤ አዎ ማለቷ ነው። ሴትዮዋ እጇን ጨብጣት ሄደች።

«እማዬ፣ ለምን ዋሸሻት?» አልኳት።

«አልዋሸሁም» አለችኝ። «እዚያም የእኔን የምታጠጣ አለች። ልጅሽ ነው ወይ ብለው ቢጠይቋት ምን የምትል ይመስልሻል?»

ሊያ ማጠጫውን በሁለት እጇ ይዛ ስትመለስ ከሐሳቤ ነቃሁ። «ለሰኞ ቴርሚን ይዣለሁ» አለችኝ። «ማደስ ይቻላል ብለዋል።» ጎንበስ ብላ ልታፈስ ስትል ቆመች። ጣቷን አፈሩ ውስጥ አስገባች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማማ፣ ሾን ናስ» አለች። «እርጥብ ነው። ሰው አጠጥቶታል።»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ቢጫዋ ወረቀት ዐይኔን ይዛው እንጂ፣ አበቦቹ አንዳቸውም አልደረቁም። ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ በአካባቢው ማንም የለም። ከሰኔ ጀምሮ፣ በዚያ ሙቀት፣ ማን ይመጣ እንደነበር አላውቅም፤ የማውቅበትም መንገድ የለም። ልጄ ፊት ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። የባሕሩ ዛጎሎች ይኑሩ አሸዋ ይዋጣቸው፣ አባዬ አጠገቡ ይተኛ ወይም ሌላ ቦታ፣ ፋጡማ ትኑር ትሙት የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እማዬ ግን እስከ መጨረሻ ቀኗ ሰው እንደሚያጠጣላት አምና ኖራለች፤ እኔ ደግሞ በልቤ፣ ራሷን የምታጽናናበት ነው እል ነበር።

ሊያ እንባዬን እስክጠርግ ጠበቀችኝ። «ይሄን ውኃስ ምን ላድርገው?» አለች፤ ማጠጫው እስከ አፉ ሞልቶ ከብዷታል።

«ወደ ልጆቹ እንውሰደው» አልኳት። በከዘራዬ ተደግፌ ቀስ እያልኩ መንገዱን አሳየኋት።