ሁለት ድንኳንና አንድ ጽድ

የአቶ ሽፈራው ጭንቀት ሰማዩ ነበር። በገርጂ ኮንዶሚኒየም የእድሩ ድንኳን ኃላፊ ናቸው፤ መጋዘናቸው ውስጥ ሁለት ድንኳን አለ። ከባዱ ሸራ ዝናብ አያስገባም፣ አየርም አያስገባም። ስሱ ነፋሻ ነው፣ ግን ጠብታ ሁሉ ዘመዱ ነው። ድሮ ለክረምት ከባዱ፣ ለበጋ ስሱ ነበር። የአየር ንብረቱ ከተለወጠ ወዲህ ግን በልጉ ይቀራል፣ ጥር ላይ ዶፍ ይወርዳል። ባለፈው ጥር ስሱን ተክለው፣ ለቀስተኛው ውሃ ያቆረውን ጣሪያ በመጥረጊያ እንጨት ደግፎ ሲያለቅስ ዋለ።

"ጋሽ ሽፈራው፣ አንድ ጊዜ ቢደግሙት የመጋዘኑን ቁልፍ ያስረክባሉ" አሉ የእድሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ዘርፌ።

አሥራ አምስት ዓመት ከቀበቷቸው ያልተለየ ቁልፍ ነው! አቶ ሽፈራው ጥናት ጀመሩ።

ከብሎኩ ጀርባ ባለው ጽድ ላይ ጋጋኖዎች ያድራሉ፤ ማጭድ የመሰለ ማንቁር ያላቸው፣ ሲጮኹ ሰፈር የሚያናውጡ ወፎች። አቶ ሽፈራው ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ ጩኸት ከሰሙ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ጉርድ ሾላ ካለው መሥሪያ ቤታቸው ለምሳ ሲመለሱ ከጓሮው በረንዳ ወደ ታች ያያሉ። ጉርድ ሾላ ዘንቦ ገርጂ የሚደርቅበት ጊዜ ስለሆነ፣ የሚያምኑት የራሳቸውን ግቢ መሬት ብቻ ነው። ውጤቱ ድንቅ ነበር፦ ከአሥራ አራት ቀን በአሥራ አንዱ ወፎቹ ጮኹ፤ በአሥራ አንዱም መሬቱ ርሶ ተገኘ። በሦስቱ ዝምታ፣ ደረቅ መሬት።

ያን ሰሞን ወይዘሮ ዘርፌም ያሉበት የግቢው ኮሚቴ ጽዱን አስቆርጦ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነበር። አቶ ሽፈራው ስብሰባው ላይ ደብተሩን ዘረጉ። "ሰማይ ቀጠሮ በማያከብርበት ዘመን፣ የሚነግረንን ወፍ እናባርር?"

"ቅዳሜ የጎረቤታችን የማስተዋል ሠርግ ነው" ተባለ። "ወፎቹ ካወቁ ዛፉ ይቆማል።"

ቅዳሜ ጠዋት ጋጋኖዎቹ ጮኹ። ስምንት ሰው ከባዱን ሸራ ተሸክሞ ተከለ። ቀኑን ሙሉ አንዲት ደመና አልታየችም። ሙሽራው ኮቱን አወለቀ፣ ኬኩ ወደ ግራ ዘመመ።

"ሠርግ ነው ወይስ የእንፋሎት መታጠቢያ?" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ በሳህን እያራገቡ።

የሚኒባስ ሹፌሩ ሀይደር አላስቻለውም። "ጋሼ፣ ወፎቹ እኮ የሚጠብቁት ዝናብ አይደለም። እኔን ነው።"

ለካ በየጠዋቱ ከጽዱ ሥር ሚኒባሱን በውሃ ጎማ ያጥባል። በልጉ ቀርቶ ሌላው መሬት ድንጋይ ስለሆነ፣ ትል የሚገኘው የሀይደር የውሃ ጎማ ባራሰው ቦታ ብቻ ነው። ጎማውን ሲያነሳ ጩኸቱ ይጀምራል።

"ዝም ያሉባቸው ሦስት ቀናትስ?" አሉ አቶ ሽፈራው ደብተሩን እየገለበጡ።

"የቧንቧ ውሃ አልነበረማ!"

ወይዘሮ ዘርፌ ማራገባቸውን አቆሙ። ውሃ ከምድር ቤት ተነስቶ እሳቸው አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ሰዓት ይፈጃል፤ ጄሪካን ሳያዘጋጁም ይሄዳል።

"እነዚህ ወፎች ጮኹ ማለት ውሃ መጣ ማለት ነው? ማነው ያን ዛፍ ይቆረጥ ያለው?"

"እርስዎ ነዎት፣ እትዬ" አለ ሀይደር።

"ወግድ!"

ዛፉ ተረፈ። ቁልፉ ግን አቶ ሽፈራው ጋ እንዲቆይ የተፈቀደው እስከ ሰኔ ብቻ ነው።

አሁን አቶ ሽፈራው ጥናቱን አጥርተው እየደገሙት ነው። ጎማ የማይደርስበት ጣሪያ ላይ የዝናብ መለኪያ ጣሳ አስቀምጠዋል። ወፎቹ ስለ ሰማዩም የሚያውቁት ነገር ካለ እንዲለይ፣ ሀይደር ለአንድ ሳምንት ሚኒባሱን እንዳያጥብ ለምነውታል። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚኒባሱ አቧራ ለብሷል። አቶ ሽፈራው ከበረንዳው ሰማዩን ያያሉ፤ ጋጋኖዎቹ ከጽዱ ላይ ሀይደርን ያያሉ።