ዝም የተባለው ዲስክ

በአንዲት ሴት ፎቶ ቤት «ሊቁ» የሚባለው የራሷ ታናሽ ወንድም ነው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው እያሉ ያሙታል። ኮምፒውተሩን ያቋቋመላትም እሱ ነው። የሚነሣው ፎቶ ሁሉ ሁለት ዲስኮች ላይ እኩል እንዲጻፍ በሶፍትዌር አጣመራቸውና፣ ሬይድ ይባላል፣ አንዱ ቢሞት አንዱ አለ፣ ተኝተሽ እደሪ አላት። አንዱ ዲስክ ከጥንዱ ሲወጣ የሚጮህ የማስጠንቀቂያ ድምፅም አበጀለት። ኳስ እያየ እንዳይደወልበት ግን፣ ሲጮህ ዝም የሚያሰኘውን ቁልፍ አብሮ አሳያት። ዘበኛ ቀጥሮ አፉን በጨርቅ መወተፍ ይሏል ይህ ነው።

እህቱ ደግሞ ታዛዥ ናት። የአንደኛው ዲስክ ገመድ ላልቶ ከጥንዱ ሲወጣ ማሽኑ ጮኸ፤ ቁልፉን ተጫነች። በማግስቱም ጮኸ፤ ተጫነች። ወራት እንዲህ በሰላም አለፉ።

ሊቁ ነገሩን የሰማው አቧራ ሊጠርግ በመጣ ዕለት ነው፤ ያውም የትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች ፎቶ ለነገ ተቀጥሮ አንዱም ሳይታተም። አልደነገጠም፤ ሊቅ ይደነግጣል እንዴ? ማሽኑን አጥፍቶ ሁለቱንም ዲስክ ነቀለ፣ ጠራረገ። የትኛው የቱ እንደሆነ ምልክት ማድረጉን ለተራ ሰዎች ተወው። አንዱን ሰክቶ ቢያስነሣ ማሽኑ እንደ ደህና ሰው ተነሣ። በቃ፣ በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው ሲል ፈረደ፤ ከጤነኛው ገልብጦበት ሊያድነው ነው። እህቱም የሻይ ብርጭቆዋን በሽተኛው ላይ አሳረፈች።

ሊጀምር ሲል የአንዲት ተመራቂ እናት ደወሉ። ልጃቸው ፎቶው ላይ ዓይኗን ጨፍና እንደሆነ ጨንቋቸዋል። እህቱ እስቲ አሳየኝ አለችው። ፈለገ። ልጅቷ የለችም። ክፍሏም የለም። ትምህርት ቤቱም የለም። የመጨረሻው ፎቶ የአንድ አራስ ሕፃን ነበር፤ ያ ሕፃን አሁን ዳዴ ይላል።

ሊቁ ያን ጊዜ ገባው። የሰካው ከጥንዱ የወጣውን ዲስክ ነው፤ ከወጣበት ቀን ወዲህ ምንም አልተጻፈበትም። ቅጂውን ጀምሮት ቢሆን አሮጌው በአዲሱ ላይ ተጽፎ ተመራቂ የሚባል አይተርፍም ነበር።

«እትዬ፣ ብርጭቆሽን አንሺልኝ» አለ። «ቀስ ብለሽ።»

ከብርጭቆው ሥር የነበረውን ብቻውን ሰካው። ተመራቂዎቹ ከነቆባቸው ወጡ፤ ልጅቷም ዓይኗን አፍጥጣለች። በመጀመሪያ ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ፤ ከዚያ ገመዱን አጥብቆ ከጥንዱ የወጣውን ከጤነኛው እንዲቀዳ መለሰው። የቅጂው መቶኛ ቁጥር እንደ ቀንድ አውጣ ሲጓዝ ምጥ እንደሚጠብቅ ባል አጠገቡ ተቀመጠ።

«ያ ጩኸት ይሄን ማለቱ ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«እኔማ ዝም አሰኚው ስላልከኝ ነው።»



በማግስቱ እናትየዋ ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ እህቱ ወንድሜ ባይደርስልኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር ብላ ነገረቻቸው። እሳቸውም እጅህ ይባረክ፣ እንዳንተ ያለውን ያብዛልን እያሉ መረቁት። ሌላ ቀን ቢሆን አሜን ብሎ ስለ ሬይድ ያስተምራቸው ነበር። ዛሬ ግን ቀና አላለም፤ የሌላ ተመራቂ ፎቶ አንሥቶ ጠርዙን መከርከም ጀመረ።